መድረስና ማዳረስ

ውድ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ? የስፌት መኪናሽ መርገጫ ተሠራ ወይስ አሁንም እየተንቋረረ ጎረቤት ይቀሰቅሳል? ወንድማችን ልጆቹን ይዞ ሊጠይቅሽ መምጣቱን ሰማሁና ደስ አለኝ፤ አራት ሱሪ አሳጥሪ ብሎ አስታቅፎሽ መሄዱን ስሰማ ግን ደሜ ፈላ። ንገሪው፣ ሰው እህቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ብርቱካን ነው የሚይዘው፣ ሱሪ አይደለም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ለደብዳቤ ወግ ያህል እንዳይመስልሽ፤ ከደስታዬ የተነሳ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ጽሕፈቴ ከተንጋደደ ለዚህ ነው።

ደውዬ ልነግርሽ ነበር። ግን ስልኩ ሲቆራረጥ አንቺ ምን አልሽ፣ ምን አልሽ ስትይ፣ እኔ ስጮህ፣ የወሬው ጣዕም ይጠፋል። ደግሞም የስልክ ወሬ ነፋስ ይወስደዋል፣ ደብዳቤ ግን ደጋግሜ አነበዋለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ። እንግዲያው ቁጭ በይ፣ መርፌሽን አስቀምጪና አንብቢ።

እትዬ፣ አደረግሁት! ስምንት መቶ ሰው! በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ጊዜ፣ አንድም ሳይቀር! ቆይ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አለበለዚያ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ትይኛለሽ።

ባለፈው ደብዳቤዬ አለቃዬ አንድ ሥራ ለብቻዬ ሊሰጠኝ እንዳሰበ ጽፌልሽ ነበር። ሥራው ይኸውልሽ። ከመሥሪያ ቤታችን ብዙም ሳይርቅ አንድ የፈተና ማዕከል አለ። ድሮ የጥጥ መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው የወፈረ ትልቅ አዳራሽ ነው። እዚያ የሚፈተኑት ለጋ ተማሪዎች አይደሉም። በአንድም በሌላም ምክንያት ትምህርታቸውን አቋርጠው የቀሩ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሹፌሩ አለ፣ ፀጉር ሠሪዋ አለች፣ ጥበቃው አለ፣ ልጅ ድራ የልጅ ልጅ ያየች እናት አለች። ከሥራ በኋላ ሲያጠኑ ከርመው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያውን ይፈተናሉ። ፈተናው በወረቀት መሆኑ ቀርቷል። ለእያንዳንዱ ሰው ታብሌት ይሰጠዋል፣ ጥያቄው በዋይፋይ ይመጣለታል፣ መልሱም በዋይፋይ ይሄዳል። ዋይፋዩ ቆመ ማለት ፈተናው ቆመ ማለት ነው።

ባለፈው ዙር ቆመ። ሰዎቹ ታብሌቱ ላይ ያቺ ክብ ምልክት ስትሽከረከር እያዩ ግማሽ ቀን ቁጭ ብለው ዋሉና ዙሩ ተሰርዟል ተባሉ። እዚያው ያለቀሱም ነበሩ አሉኝ። ዳይሬክተሯ ቀጠን ያለች፣ ስታነጋግርሽ ዓይን ዓይንሽን የምታይ ሴት ናት። እኔ ባለሁበት ለአለቃዬ ምን አለችው መሰለሽ፤ ይኼኛውም ዙር ከተበላሸ ማዕከሉ ይዘጋል፣ ሌላው ማዕከል ያለው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ሥራቸውንና ልጆቻቸውን ጥለው እዚያ ድረስ አይሄዱም፣ ስለዚህ ለብዙዎቹ ይኼ የመጨረሻ ዕድላቸው ነው አለችው። አለቃዬ ወደኔ ዞር አለና፣ ይቺ ልጅ ትሠራዋለች አላት። ይቺ ልጅ! እኔ! 

ነገሩ እንዲገባሽ አንድ ነገር ላስረዳሽ። ሳህን የምታክል ነጭ ዕቃ አለች፣ ጣሪያ ላይ ወይ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። እኛ በሥራችን አክሰስ ፖይንት እንላታለን፤ ላንቺ ማሰራጫ ልበላት። ዋይፋዩን የምትረጨው እሷ ናት። ከኔ በፊት የነበረው ባለሙያ አራቱ ማዕዘን ላይ አራት ጉልበተኛ ማሰራጫ ሰቅሎ ሄዷል። እኔ ሳየው ሳቅሁ። አራት ለስምንት መቶ ሰው! አራቱን አጠፋሁና ከነሱ የበለጡ አሥራ ሁለት አዳዲስ ማሰራጫዎች ኮርኒሱ ላይ አሰቀልኩ፤ ጉልበታቸውንም እስከ ጥግ ከፍ አደረግሁት። አሮጌዎቹን ማውረድ ግን ሰነፍኩ፤ እንደተሰቀሉ ቀሩ።

ገመድ የሚዘረጋልኝ ሰው ጠበቃው ይባላል። ጠበቃ አይደለም፣ የገመድ ሠራተኛ ነው፤ ግን መሰላል ከመውጣቱ በፊት መሰላሉን ሳይቀር የሚከራከር ሰው ነው። ይኸው ሳቅሽ እዚህ ድረስ ተሰማኝ፤ ተይ እትዬ! ሚስትና መንታ ልጆች አሉት፣ ፎቷቸውንም ሳልጠይቀው ያሳየኛል።

ሰቅለን ስንጨርስ ላፕቶፔን እንደ ሕፃን ታቅፌ አዳራሹን ዞርኩት። ከበሩ እስከ መድረኩ፣ ከመድረኩ እስከ መጨረሻው ረድፍ። የትም ብቆም ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ላፕቶፔ የሚሥለው የሲግናል ካርታ አረንጓዴ በአረንጓዴ! ሽንት ቤት እንኳ ገብቼ ሞከርኩት፣ እሱም አረንጓዴ። ውላችን ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ ኔትወርኩ በአዳራሹ ውስጥ በሁሉም ቦታ እንዲደርስ ይላል። ለአለቃዬ ደወልኩና፣ ደርሷል አልኩት። ለዳይሬክተሯም፣ ደርሷል አልኳት። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ ጠበበኝ፤ ኩራቴን ብታዪ በጆሮዬ ጎትተሽ ታወርጂኝ ነበር።

ከፈተናው አስቀድሞ ተፈታኞቹ ለገለጻ ተጠሩ። ወንበራቸውን እንዲያዩ፣ ታብሌቱንም እንዲለምዱ ነው። አዳራሹ ጢም አለ። ዳይሬክተሯ መድረክ ላይ ወጥታ፣ እስቲ ሁላችሁም ባንድ ላይ ክፈቱት አለች። ከፈቱት። ወይኔ እትዬ! ያቺ ክብ መጣች። ስምንት መቶ ክብ ባንድ ጊዜ ስትሽከረከር አያሳይሽ። ላፕቶፔን አየሁ፤ አሁንም አረንጓዴ ነው። ሲግናሉ ሞልቶ ተርፏል፣ ለሰዎቹ ግን አንዲት ፊደል አልመጣችላቸውም። ላብ በላብ ሆንኩ።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ትልቅ ሰው ነው፣ እጁን አወጣና ጠራኝ። ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ጣት ይሆን፣ በመሪ ደርቆ እኮ ነው አለኝ። ጣቱን ሱሪው ላይ ይጠርግና ይነካል፣ ይጠርግና ይነካል። እሱ ነው ከሁሉ አንጀቴን የበላው። 

ዳይሬክተሯ ሰዎቹን በደህና ሸኘችና ወደኔ መጣች። ደርሷል ብለሽኝ አልነበር ወይ አለችኝ። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ ደርሷል እኮ፣ ይኸው ይመልከቱ አልኩና ካርታውን አሳየኋት። እውነቴን ነው፣ ያልደረሰበት ወንበር የለም! እሷ ካርታውን አየች፣ ሰዎቹ የወጡበትን በር አየች፣ ወረቀቷን ሰብስባ ሄደች። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ለምሳ ክበብ ቁጭ ብለን፣ እኔ ምግቡ አልወርድ ብሎኝ፣ ጠበቃው ሊያጽናናኝ ተነሳ። እሱ ማጽናናት የሚያውቀው በክርክር ነው። የውሉን ቅጂ ከኪሱ አወጣና፣ ምንም አንጠየቅም፣ ውሉ እንዲደርስ ነው የሚለው፣ ደርሷል፣ የሚከስ ካለ ይምጣ አለ። አጠገባችን ያሉት ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁለት። የራሴ ቃል በሱ አፍ ሲነገር ስሰማው እንዴት እንዳስጠላኝ ልነግርሽ አልችልም። ደርሷል፣ ደርሷል፣ ደርሷል! እና ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

በልጅነታችን አምስታችን ወንድምና እህት ገበታ ከበን፣ የሾርባው ድስት መሐል ቁጭ ብሎ ታየኝ። ድስቱ ደርሷል። ሽታው ደርሷል። እንፋሎቱ የሁላችንንም ፊት እያሞቀው ነው። አንቺ ግን ጭልፋውን ይዘሽ አንድም ቀን ደረሰ ወይ ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም። ተዳረሰ ወይ ነበር የምትዪው። ያ ሱሪ የሚያስታቅፍሽ ወንድማችን ጉልበተኛ ነኝ ብሎ ሳህኑን ሲያስቀድም እጁን በጭልፋው ጀርባ ትመቺው ነበር። ሁላችንም ባንድ አፍ እኔ፣ እኔ ስንል ደግሞ ጭልፋውን ታስቀምጪና እጅሽን አጣምረሽ ዝም ትያለሽ፤ እስክንረጋጋ ማንም አይቀምስም። አንቺ ራስሽ መቼ እንደምትበዪ ግን አላስታውስም፤ የማስታውስሽ ድስቱን ስታጥቢ ነው።

ማንኪያዬን ወረወርኩና፣ መድረስ ሌላ ማዳረስ ሌላ! ብዬ ጮህኩ። ክበቡ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ጠበቃው አበደች ብሎ ውሃ አቀረበልኝ።

ይኸውልሽ ነገሩ። አንዲት ማሰራጫ የምታነጋግረው በየተራ አንድ ሰው ነው። ተራው እጅግ ፈጣን ስለሆነ ሁሉንም ባንዴ የምታነጋግር ይመስላል እንጂ፣ ጭልፋዋ አንድ ነው። እኔ ደግሞ ጉልበታቸውን ሽቅብ አውጥቼ አሥራ ሁለቱንም ጣሪያ ላይ ስሰቅላቸው፣ አንዷ የሌላዋን ድምፅ ትሰማለች። አንዷ ስትናገር ሌላዋ እስክትጨርስ ትጠብቃለች፤ ሁሉም እየጮኹ፣ ሁሉም እየተጠባበቁ፣ ማንም ማንንም አያስተናግድም። ሲግናሉ እስከ ሽንት ቤት መድረሱ ለሹፌሩ ምን ረባው? ጥያቄው የት ድረስ ይሄዳል አልነበረም፤ ለስንት ሰው ይበቃል ነበር።

ሌላው ጅልነቴ ደግሞ ባዶ አዳራሽ መለካቴ! ሰው እኮ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ዋይፋይን ይውጠዋል። ስምንት መቶ ሰው ገባ ማለት ስምንት መቶ የውሃ ግድግዳ ገባ ማለት ነው። አንቺ ሰውየውን ሳትለኪ በልብስ መስቀያው ልክ ኮት ትሰፊያለሽ? እኔ ሰፋሁ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ! ወረቀት ላይ ተደፋሁ። አንዲት ማሰራጫ ሳትጨናነቅ ሠላሳ አምስት ሰው ታስተናግዳለች ብዬ ያዝኩ፤ ስምንት መቶ ለሠላሳ አምስት ሲካፈል ሃያ ሁለት ከምናምን፤ እንዳይጠብ ሃያ አራት ይሁን አልኩ። ስሌቱን ስሠራ እንደ ድሮው አጠገቤ ያለሽ መሰለኝ። አንቺ ትምህርትሽን ዘጠነኛ ክፍል ላይ አቋርጠሽ፣ መርፌ በከንፈርሽ ይዘሽ፣ ዓይንሽን ከጨርቁ ሳታነሺ፣ የኔን የአሥራ አንደኛ ክፍል አልጀብራ ትፈቺልኝ አልነበር? የሒሳብ አስተማሪዬ ማን ረዳሽ ሲለኝ እህቴ ስለው፣ እህትሽ የት ነው የምታስተምረው ይለኝ ነበር። ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ።

ዕቅዱ እንዲህ ሆነ። ማሰራጫዎቹ ከጣሪያ ይወርዱና በየጠረጴዛው ሥር ይታሰራሉ። ጉልበታቸው ይቀነሳል፤ እያንዳንዷ ዙሪያዋን ላሉት ብቻ በሹክሹክታ ትናገራለች። ከጎኗ ያለችው እንደ ሬዲዮ ጣቢያ በሌላ ቻናል ትናገራለች፣ እንዳይጋጩ። የሰዎቹ ገላ ደግሞ በመካከላቸው ግድግዳ ይሆንልኛል! ትናንት የረገምኩትን ውሃ ዛሬ አጥር አደረግሁት። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገለጥልሽ እትዬ፣ ከመኪና ጋር ሩጫ መግጠም ያምርሻል።

አለቃዬ ግን አልገባ አለው። እሱ ደግ ሰው ነው፣ ክፉ እንዳይመስልሽ፤ ግን ይጨመር በሚል ነው ያደገው። ሰው ሲበዛ ይጨመራል እንጂ ይቀነሳል እንዴ፣ ጉልበት ቀንሰሽ ስምንት መቶ ሰው ልታስተናግጂ ነው ወይ ብሎ ጠረጴዛ መታ። እኔም ጮህኩ። ወንበሬ ወድቆ እንደነበር ኋላ ነው የነገሩኝ። በመጨረሻ፣ ካላመኑኝ ሌላ ሰው ይላኩ አልኩት። እሱም፣ እሺ፣ ነገር ግን ከከሸፈ ዳይሬክተሯ ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ፣ እዚህ መሥሪያ ቤትም ሁለተኛ አንተያይም አለኝ። እሺ አልኩ። 

ያሉን ማሰራጫዎች አሥራ ሁለት፣ የሚያስፈልጉን ሃያ አራት፤ አሮጌዎቹ አራቱ ጉልበታቸው አይቀነስምና አይቆጠሩም። ከመጋዘን ለቀምን፣ ከሌላ ሥራ የተመለሱትን አራገፍን፣ አንዷ ስትጎድል አለቃዬ ራሱ ከቢሮው ኮርኒስ ላይ የራሱን ነቅሎ ሰጠኝ። እንግዲህ ደግ ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላፕቶፑን ታቅፎ ኮሪደር ለኮሪደር ሲግናል ሲፈልግ የሚውል እሱ ሆነ። ጠበቃው በየጠረጴዛው ሥር በደረቱ እየተሳበ ገመድ ዘረጋ፤ እየተሳበም ተከራከረ።

ለሙከራ ስምንት መቶ ሰው ከየት ይምጣ? የመሥሪያ ቤታችንን ሰዎች፣ የጠበቃውን ሚስት ከመንታዎቹ፣ የማዕከሉን ጽዳት ሠራተኞች ሰበሰብኩና አንዷን ማዕዘን ብቻ አጨናንቄ ሞላኋት። ሠራ። ነገር ግን አንዲት ማዕዘን ሠራች ማለት አዳራሹ ሠራ ማለት አይደለም። የቀረውን የማውቀው በፈተናው ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም፤ አብሮት ደግሞ እንዲህ ያለ ጉጉት!

ቀኑ ደረሰ። ሰዎቹ በጠዋት ገቡ። ሹፌሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ አየኝና ጣቱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፣ ቅባት ተቀብታለች ማለቱ ነው። ሳቅሁም፣ ላለቅስም ዳዳኝ። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አይታ፣ ጀምሩ አለች። ስምንት መቶ ጣት ባንዴ ወረደ።

ፊት ለፊት ያሉት ረድፎች ጥያቄ ወጣላቸው። መሐሎቹ ወጣላቸው። በቀኝ በኩል አንገቶች ማጎንበስ ጀመሩ፤ አንገት ሲያጎነብስ እንዴት ደስ እንደሚል! ከኋላ በግራ ማዕዘን ግን አንድ እጅ ወጣ። ቀጥሎ ሦስት። ቀጥሎ ረድፉ በሙሉ። ክቧ ተመልሳ መጣች። ዳይሬክተሯ ከመድረክ ላይ ዓይኗን ተከለችብኝ።

ላፕቶፔን ገለጥኩ። ሃያ አራቱን ልጆቼን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም በሹክሹክታ ላይ ናቸው። ሃያ አምስተኛ አለች! ከሁሉም በላይ የምትጮህ፣ የጎረቤቶቿን ቻናል ረግጣ የያዘች አንዲት ጉልበተኛ! ማናት ይቺ? ቀና ስል፣ ከድሮዎቹ አራት አንዷ፣ ያቺ ለማውረድ የሰነፍኩባት፣ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከሥሯ አለቃዬ ቆሞ ፈገግ ብሎኛል፤ በጣቱ ወደ ላይ እየጠቆመ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ሹክሹክታው ለኋለኞቹ ላይበቃቸው ይችላል ብሎ አዝኖ፣ ለማንኛውም አንዷ ለመጠባበቂያ ትብራ ብሎ ነው ያበራት። ልጨምርልሽ ብዬ እኮ ነው አለኝ። ልጨምርልሽ!

በፈተና አዳራሽ መጮህ አይቻልም። ጫማዬን አወለቅሁና በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ጠበቃውን በእጄ ጠቀስኩት፤ ወደ ማዕዘኗ ጠቆምኩ፤ ገመድ እንደመንቀል አደረግሁ። እትዬ፣ ያ ሰው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከር መሰላል ወጣ! አንዴ ሳብ አደረገው። መብራቷ ጠፋ።

አንድ እጅ ወረደ። ሌላ እጅ ወረደ። ከዚያ ረድፉ ሁሉ አጎነበሰ። ስምንት መቶ አንገት! ጣት ብርጭቆ ላይ ሲያርፍ የምትሰማው ያቺ ትንሽ ድምፅ ብቻ አዳራሹን ሞላችው። እንደ ቀላል ዝናብ ነበር። ነፍሴ መለስ አለችና እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ።

የተቀመጥኩት ከመጨረሻው ረድፍ አጠገብ ነበር። እዚያ አንዲት ሴት አለች፣ ባንቺ ዕድሜ። የመነጽሯ አንድ ክንድ በክር ታስሯል። ጥያቄ በመጣ ቁጥር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነብና፣ ከመንካቷ በፊት እጇን በእጇ ትይዛለች፣ አትቸኩዪ እንደማለት። ሒሳቡ ላይ ስትደርስ ወረቀት ሳትጠይቅ ጣሪያውን አይታ ትመልስ ነበር። ስትጨርስ፣ ተልኳል የሚለው ጽሑፍ ወጣላት። መነጽሯን አስተካክላ አየችው። ወደኔ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፣ ሄደ ወይ አለችኝ። ሄዷል እትዬ አልኳት፤ አመለጠኝ። ሁሉም? አለችኝ። ሁሉም አልኳት። አፏን በሁለት እጇ ከድና ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እኔ ደግሞ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አሁን አልጽፍልሽም፣ ወረቀቱ ይበላሻል።

የስምንት መቶውም መልስ ገባ። አንድም አልጎደለ። ዳይሬክተሯ ከመድረኩ ወርዳ አቀፈችኝ፤ ያቺ ደረቅ ሴት! ተዳርሷል አልኳት። ምን አልሽ አለችኝ፤ ምንም አልኳት። አለቃዬማ ለሰዉ ሁሉ ጉልበቱን ቀንሺ ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ እያለ ሲያወራ አገኘሁት። ደሜ ሊፈላ ሲል ሳቄ ቀደመው። ተይው፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል፤ ዛሬ ማንም አያናድደኝም።

ማዕከሉ አይዘጋም። እንዲያውም ለሚቀጥለው ዙር ምዝገባ በቅርቡ ይጀመራል፤ ኔትወርኩንም የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሰዉ ከወጣ በኋላ ከዳይሬክተሯ ጋር ቁጭ ብዬ አንዳንድ ነገር ጠየቅኋት። ማን መመዝገብ እንደሚችል፣ ምን ምን እንደሚያስፈልግ፣ የዕድሜ ገደብ አለው ወይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ለሥራዬ ነው።

አሁን ትንሽ ላስቸግርሽ ነው። ፎቶ ቤት ግቢና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሥተሽ ላኪልኝ። ሁለቱም ጆሮዎችሽ ይታዩ፣ ነጠላሽን ከራስሽ ላይ አውርጂ፣ ቀና ብለሽ ተነሺ። ያቺ የስምንተኛ ክፍል ካርድሽ ደግሞ ከእናታችን ልብስ ጋር ሣጥን ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ፤ አብረሽ አድርጊያት። ለምን፣ ምን ልታደርጊ ነው ብለሽ እንዳትጨቀጭቂኝ። ደግሞ እዚህ ቤቴ አንድ ፍራሽ ጨምሬ ገዛሁ፤ በቅናሽ አግኝቼው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ ዓይንሽን ያብራልኝ። የዘራሽው ሁሉ ይብቀልልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። የእናታችን ምርቃት ይድረስሽ። ወንድማችንንም ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹንም ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ታናሽሽ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረስቼ። የማሰራጫዎቹን ቦታ ወንበር በወንበር እየከለስኩ ስለሆነ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው፤ አንቺ መቀመጥ የምትወጂው መስኮት አጠገብ ነው ወይስ በር አጠገብ?